«ይሄ አይሰፋም፤ ይቋጠራል»

የልብስ ሰፊው ጥያቄና መልስ፣ ከድሬዳዋ

ባለፈው እትም ድሪያ ስለሚባለው የሶማሌ ሴቶች ቀሚስ ጠርዝ ሁለት መስመር ብጽፍ ደብዳቤው ጎረፈ። ሁሉም ስለ ሶማሌ ልብስ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ የሱሪ እግር ስለማሳጠር የጻፋችሁልኝ ታገሱኝ፤ ሱሪው የትም አይሄድም። ይህን የምጽፈው ከዚራ ካለችው ሱቄ ሆኜ ነው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ድሬ ተኝታለች። ማራገቢያው ሙቀቱን ከወዲያ ወዲህ ያመላልሰዋል እንጂ አያበርደውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የልብ ጓደኛዬ ሶማሌ ናት። በሚቀጥለው ወር ታገባለች። ሚዜዎቿ ሁላችንም ድሪያ እንድንለብስ ፈልጋለች። እናቴ ግን «የህንድ ጨርቅ ለብሰሽ የሶማሌ ባህል ነው ልትይ?» ብላ ሳቀችብኝ። ለመሆኑ ድሪያ የማን ነው? ስገዛስ ምኑን ልይ?
(ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እናትሽ በግማሹ ልክ ናቸው። ጨርቁን ሶማሌ አልሠራውም። ድሪያ የሚሆነው ስስ ጨርቅ በአብዛኛው ከህንድና ከሩቅ ምሥራቅ ፋብሪካዎች ይነሳል። ዱባይ ይራገፋል፣ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ እኛ ዘንድ ይመጣል። ይሄ መንገድ ለድሬ አዲስ አይደለም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከተማዋም አብራው ተወለደች። በእኔ ዕድሜ ያለ የድሬ ልጅ ከባቡር የወረደ ጨርቅ ያልለበሰ የለም።

አሁን እኔ ደግሞ እናትሽን ልጠይቅ። የሐበሻ ቀሚሳቸው ጥለት ላይ የሚያብረቀርቀው ክር ከየት መጣ? እሱም ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው። ቀሚሱን ግን የውጭ ነው የሚል ሰው አልሰማሁም።

የድሪያ ሶማሌነት ያለው አለባበሱ ላይ ነው። ሦስት ነገር ነው። ድሪያው ራሱ ሰፊ፣ ረጅምና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ከሥሩ ጎርጎራድ ይለበሳል፤ ጠርዙ ያጌጠ ረጅም የውስጥ ቀሚስ ማለት ነው። ከላይ ገርበሳር ይደረባል፤ ትከሻና ራስ ላይ የሚጣል ሻል ነው። እኛ ድሬዎች ሁሉን ጠቅልለን «ድሪያ» እንላለን፣ ቤት ውስጥ የሚለበሰውን የጥጥ ቀሚስ ጨምሮ። እነሱ ግን የቤቱን «ባቲ» ይሉታል። ባቲ ለብሰሽ ሰርግ ብትሄጂ በፒጃማ እንደ መሄድ ነው። አደራ!

ጎርጎራዱ አይታይም ብለሽ ርካሽ እንዳትገዢ። ድሪያው በአንድ ጎን ከፍ ተደርጎ ወገብ ላይ ይሻጣል። ያኔ የሚታየው እሱ ነው። ጠርዙ እንደተፈታ ብትመጪ አክስቶቿ ሁሉ ያዩታል፣ ማንም ግን አይነግርሽም።

ስለ መግዛቱ። ታይዋን ገበያ ስትሄጂ ሻጯ «ንጹህ ጥጥ ነው፣ ወላሂ» ትልሻለች። አምነሽ አትሂጂ። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዘሽ ክብሪት ጫሪበት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣትሽ ሲነካ ይበናል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። የሰርጉ ድሪያ ስለሚያብረቀርቅ ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ክር አለበት፤ ምንም ማድረግ አይቻልም። ቢያንስ ገላሽን የሚነካውን ጥጥ አድርጊው። በድሬ ሙቀት ሁሉንም ሰው ሠራሽ ለብሶ መጨፈር ፌስታል ውስጥ ገብቶ እንደ መቀቀል ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ከመውጣታችሁ በፊት ልብሱን ኡንሲ ያጥኑታል። ኡንሲ በስኳር፣ በዕጣንና በሽቶ የሚሠራ ነው። የሚጤስበት ዳብቃድ ይባላል። ጥሩው ዳብቃድ መካከለኛው ሶማሊያ ውስጥ ካለ ኤል ቡር ከሚባል ቦታ፣ እዚያ ከሚወጣ ለስላሳ ነጭ ድንጋይ ይጠረባል። ዕጣኑም ከሰሜን ሶማሌ ተራሮች ዛፍ የሚለቀም ነው። እንግዲህ ጨርቁ የህንድ ይሁን፣ ጭሱ የአገር ነው። ድሪያሽ ሰው ሠራሽ ከሆነ ግን ከፍሙ ራቅ አድርጊው። አንዷ ደንበኛዬ ሰርግ ሊወጡ ሲሉ ቀዳዳ ይዛ እየሮጠች መጥታ ነበር። አበባ ሰፋሁበት። ፋሽን መሰላቸው፤ በሳምንቱ ሦስት ሴቶች ያንኑ አበባ ጠየቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አያቴ ጅግጅጋ ይነግዱ ነበር። ሲያርፉ ከሳጥናቸው ወፈር ያለ ባለ ዳማ የጥጥ ጨርቅ አገኘን። ዳርና ዳሩ ዘርፍ አለው። አንድ ሰው «ይሄ አሊንዲ ነው» አለኝ። ቀሚስና ኮት አሰፍቼ ልለብሰው አስቤያለሁ። ምን ዓይነት ልብስ ይወጣዋል?
(መምህርት፣ ከሐረር ጀጎል)

መልስ፦ መቀሱን አስቀምጪው። በእግዜር!

አሊንዲ ከሆነ በእጅ የተሸመነ ነው። የሚሠራው በናድር በሚባለው የሶማሊያ ጠረፍ፣ በተለይ ሞቃዲሾ ነው። ፉታ በናድርም ይሉታል። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ አይተሽ ታውቂያለሽ? እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ ድሩን ፊቱ ዘርግቶ፣ መወርወሪያውን ግራ ቀኝ ሲያመላልስ? የሞቃዲሾውም ሸማኔ እንዲያው ነው፤ ጉድጓዱ ሳይቀር። እሱም እንደኛው ወንድ ነው። አሊንዲን ያየ የእኛ ሸማኔ ድርና ማጉን ቆጥሮ ሥራውን ያውቀዋል።

ሙያው ጥንታዊ ነው። ኢብን ባቱታ የሚባለው የሞሮኮ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1331 ሞቃዲሾ ሲደርስ፣ በከተማዋ ስም የሚጠራ ጨርቅ እዚያ እንደሚሠራና እስከ ግብፅ እንደሚላክ ጽፏል። ጥጡ የሚበቅለው በሸበሌ ወንዝ ዳር ነበር። ሸበሌ የሚነሳው ደግሞ ከእኛው ደጋ ነው። የእናንተው የሐረር ኤረር ወንዝም እዚያው ነው የሚገባው። እዚያ ደርሶም ሸበሌ ብዙውን ጊዜ ባሕር አይገባም፤ ጠረፉ አጠገብ አሸዋና ረግረግ ውስጥ ይቀራል። እኔ ይሄን ሳስብ ደስ ይለኛል። በአያትሽ ሳጥን ውስጥ ያለው ጥጥ ምናልባት የሐረርን ዝናብ ጠጥቶ ያደገ ነው።

ከዚያ አቡጀዲ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1833 አሜሪካኖች ከዛንዚባር ሱልጣን ጋር የንግድ ውል ተዋዋሉ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ፋብሪካ ያልነጣ ጥጥ የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ አጥለቀለቀው። «መሪካኒ» አሉት። ርካሽና ጠንካራ ስለሆነ የእጅ ሸማኔውን ገበያ ተሻማው። ሙያው ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሞቃዲሾ ውስጥ ሲሸመን ኖሯል። ቀለሙንና ዳማውን የሚወድ ገዢ አልጠፋም ነበር።

ሐረርም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ጀጎል ገብቶ አሥር ቀን ያህል ቆይቷል። የሐረርን የእጅ ሸማ ከሸዋው እኩል የሚወራለት ነው ብሎ አድንቆ፣ ከአውሮፓ ፋብሪካ ጨርቅ አስበልጦ ጽፏል። ሰውየው በሌላው ነገር ሁሉ አፉ መራራ ነበር። ስለ ጨርቃችን ግን አልዋሸም።

አሁን «አትቁረጪ» ያልኩበትን ልንገርሽ። ስፌት የተማርኩት እናንተው ሰፈር፣ መኪና ግርግር ነው። ለማያውቅ አንባቢ፦ ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች በየበሩ ተደርድረው የሚሰፉበት መንገድ ነው። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንድ ዓርብ አስተማሪዬ ለጁምዓ ወጥቷል። ጠና ያሉ ሶማሌ እናት መጡ። «ኤዶ» አልኳቸው፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። አራት ሜትር የሚያልፍ ጨርቅ ዘረጉልኝ። እኔ ሶማልኛ አላውቅም። እሳቸው አማርኛቸው ትንሽ ነው። በጣታቸው ጠርዙን እያሳዩ የሆነ ነገር አሉኝ። ለካ «እየተተረተረ ነው፣ ዘምዝምልኝ» ነው የሚሉት። እኔ ግን ቀሚስ ፈልገዋል ብዬ ወሰንኩ። አስተማሪዬ ሲመለስ ሊደነቅብኝም ፈልጌአለሁ።

ቆረጥኩት። ጥሩ ጥጥ ሲቆረጥ ድምፁ ይለያል። እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አስር ላይ ተመለሱ። ቀሚሱ ተሰቅሏል። አንስተው ሁለቱን ቁራጭ ጫፍ ለጫፍ ገጠሙት፣ መልሶ የሚጣበቅ ይመስል። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ የተረፈውን ጨርቅ አንስተው እኔው ትከሻ ላይ ጣሉት። ጫፎቹን ቀኝ ትከሻዬ ላይ ቋጠሩ፣ በደረቴ አሳለፉ፣ ወገቤን አዞሩት። «ይሄ አይሰፋም፤ ይቋጠራል» አሉኝ። ጉንቲኖ ነበር፤ እንዲህ ተቋጥሮ የሚለበስ ጨርቅ ማለት ነው። ኋላ ሳጠይቅ ስሙ ራሱ ከ«መቋጠር» የመጣ የሶማልኛ ቃል ነው። ጨርቁ የእናታቸው ነበር።

አስተማሪዬ መልሼ በእጄ እንድገጥመው አደረገኝ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ስፌቱ በዓይን አይታይም ነበር። እሳቸው ግን በጣታቸው አገኙት።

ስለዚህ ያንቺንም አትቁረጪው። ትከሻሽ ላይ ጣይው፣ ወገብሽ ላይ እሰሪው፣ ካልሆነ አልጋ ልብስ አድርጊው። ልታጥቢው ከፈለግሽ አስቀድመሽ ጥግ ላይ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጊበት። ቀለም ከሰጠ አትንከሪው። ካልሰጠ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ሳትጠመዝዢ። ጥላ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው። እጥፋቱን በየጊዜው ቀይሪ፤ ጨርቅ የሚበላው በእጥፋቱ በኩል ነው። የብል መድኃኒቱ ደግሞ ጨርቁን አይንካው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ወንድ ልጅ ሽርጥ ለብሶ ከቤት ቢወጣ ነውር ነው?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አቦ! ድሬ ብትኖር ይሄን አትጠይቅም ነበር። እዚህ ከምሳ በኋላ ሱሪ የለበሰ ወንድ ወይ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ወይ እንግዳ። ሶማሌዎች «መዓዊስ» ይሉታል። አሁን ብዙው ከኢንዶኔዥያና ከህንድ የሚመጣ ነው። ድሮ ትልልቆቹ ሰዎች የሚለብሱት ነጭ ጥጥ ሆኖ ሁለት ቁራጭ ነበር፤ አንዱ ወገብ ላይ፣ አንዱ ትከሻ ላይ። እሱም መርፌ አይነካውም። አዲስ አበባ ላይ ለብሰህ ከወጣህ ብርዱን ለራስህ ቻለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሶማሌ ጓደኛዬ ሊሞሸር ነው፣ እኔም ከሚዜዎቹ አንዱ ነኝ። ከሰርጉ ሰባት ቀን በኋላ «ሔዶ ትከፍታላችሁ፣ ካልቻላችሁ ትቀጣላችሁ» እየተባለ ያስፈራሩኛል። ምንድን ነው ይሄ ነገር?
(ከቦሌ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ «ሔዶ» ነው፤ ሄዶ መምጣት አይደለም። ሙሽራይቱ ቤት ሴቶች የሚያዘጋጁት የምግብ ዕቃ ነው። ውስጡ ሙቅመድ አለ፦ በትንንሹ ተከትፎ በደንብ የተጠበሰና ቅቤ ውስጥ የተቀመጠ ሥጋ። ላዩ በተፈጨ ተምር ይለበጣል። ከዚያ ዕቃውን በጨርቅ እየጠቀለሉ ልክ እንደ ሙሽራ ያለብሱታል። ዛጎል ያጌጠ ቆዳም ይደረግለታል። መጨረሻ ላይ ገመዱ ይመጣል። ዙሪያውን ተተብትቦ ጫፉ ተሰውሮ ይታሰራል። የእናንተ ሥራ ያንን መፍታት ነው፣ ሴቶቹ ዙሪያችሁን ከበው እየሳቁባችሁ።

ቢላ አታውጣ። መቁረጥ መሸነፍ ነው። እኔ አንዴ ተጋብዤ አይቻለሁ። መሐንዲስ የሆነ ልጅ ግማሽ ሰዓት ላብ በላብ ሆኖ ቀረ። ከወንዱ ወገን አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ ዕቃውን አንዴ አዞሩት፣ አንድ ጫፍ ሳቡ፣ አለቀ። ምክሬ ይሄው ነው፦ ካሁኑ ሽማግሌ ፈልግና ተለማመድ። ለቅጣቱም ብር ያዝ።

በነገራችን ላይ ያን ሰሞን ሙሽራይቱ ሻሽ ታስራለች። ሻሽ ያገባች ሴት ምልክት ነው። ራሷ ላይ የሚያስሩላት ባለትዳር ሴቶች ናቸው። እዚህም ቋጠሮ ነው እንግዲህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለሥራ ወደ ሽንሌ እመላለሳለሁ። ድሮ ሙሉ በሙሉ በሰሌን ይለበሱ የነበሩት የአርብቶ አደር ቤቶች አሁን ግማሹ ሸራና ላስቲክ ሆኗል። ባልደረባዬ «ጥሩ ነው፣ ለሰሌን እየተባለ ዛፉ ከሚያልቅ» ይላል። እኔን ግን ቅር አለኝ። ማናችን ነን ልክ?
(ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄን ደብዳቤ ሳነብ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ነው የተነሳሁት። ብዙ ሰው የሶማሌ ጨርቅ ሲባል ድሪያውን ያያል። ለእኔ ግን ትልቁ የሶማሌ ሽመና ያ ቤት ነው። ሞቃዲሾ ላይ ወንዶቹ ጥጥ ይሸምኑ ነበር ብያለሁ። በረሃው ላይ ደግሞ ሴቶቹ ቤት ይሸምናሉ።

ሱቄ ደጃፍ ጠዋት ጠዋት የግመል ወተት የሚሸጡ እናት አሉ። ከሽንሌ ወዲያ ነው የሚመጡት። አንድ ቀን ወተት የሚይዙበትን ዕቃ አይቼ ሥራ ፈታሁ። ከተክል ሥርና ከቃጫ የተሸመነ ነው። ሽመናው ጥብቅ ከመሆኑ የተነሳ ወተት ጠብ አይልም። እንጨት ለኩሰው ውስጡን ያጥኑታል፤ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ነው፣ ጣዕምም ይሰጠዋል። «ሃን» ይባላል። እንዴት እንደሚሠራ ስጠይቃቸው ሳቁና «ና፣ ቤቴን እይ» አሉኝ። ሄድኩ።

ቤቱ አቀል ይባላል። ሙሉውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ቅስት ሆኖ የሚቆመው እንጨት ከግራር ሥርና ቅርንጫፍ ነው፤ በእርጥቡ ይጎበጣል። ሚስማር የለም። ሁሉም በገመድ ይታሰራል። ላዩ በከበድ ይለበሳል፤ ከበድ ትልቁ ሰሌን ነው። እዚህ ጋ ልብስ ሰፊነቴ መጣ። እንደ ጨርቅ ገልብጬ አየሁት። በአንድ በኩል ጠፍጣፋ፣ በሌላው ፀጉራም ነው። ዝናብ ሲመታው ቃጫው ያብጥና ቀዳዳው ይጠባል። ፀሐይ ሲሆን ይደርቅና አየር ያሳልፋል። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም። ደግሞም አይቆረጥም።

ቃጫው ከየት ይመጣል? ከግራር ልጥ ነው። በተለይ «ገሎል» ከሚሉት ግራር። ልጡን ይልጣሉ፣ ይቀጠቅጣሉ፣ በጥርሳቸውም ያኝኩታል፣ እስኪለሰልስና ክር እስኪሆን። እናትየዋ ፈገግ ብለው ጥርሳቸውን አሳዩኝ። የፊቶቹ አልቀዋል። ከበድ ሲሠራ ሴቶች ተሰብስበው ነው፣ በዘፈን። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚዘፈን አለ። ልጅቷ ስታገባ ቤቱን እናቷና ዘመዶቿ ያሰናዱላታል፤ ቤቱ የእሷ ነው።

ጉዞ ሲመጣ ነው ጉዱ። ቤቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይፈታል። ሰሌኑ ግመሏ ጀርባ ላይ ይነጠፋል፤ ጭነቱ እንዳይልጣት። «ሄርዮ» የሚባል ለዚሁ የሚሠራ ወፍራም ምንጣፍም አለ። የተጎበጠው እንጨት ደግሞ ጎኗ ላይ ታስሮ ጭነት መያዣ ይሆናል። ሌሊት ቤት የነበረው ቀን ኮርቻ ነው። የሚጣል ብጣሽ የለም።

አሁን ወደ ባልደረባህ። ዛፉን ማን ጨረሰው? ልጥ ለመላጥ ዛፉ በሕይወት መኖር አለበት። ዙሪያውን ከላጥከው ይደርቃል፤ እናትየዋ «ከአንድ ጎን ነው የምንወስደው፣ የከርሞውን ከሌላ ዛፍ» ብለውኛል። የነገ ገመዷ እዚያ ላይ ቆሞ እያየችው ማን ትገድለዋለች? ከሰል ግን ዛፉን ሙሉውን ነው የሚፈልገው። ያው ገሎል ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ ለከሰል ተመራጭ ነው። በሶማሊያ በኩል ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ከሰል ከዚያ ወደ ውጭ እንዳይላክ አግዷል። ጦርነቱን የሚመግበውም እሱ ነበር። እኛም ንጹህ አይደለንም። መብራት ሲጠፋ እኔ የማወጣው ካውያ የከሰል ነው። ስንት የሰርግ ሱሪ በገሎል ፍም እንደተኮስኩ እግዜር ይወቀው።

ሌላም አለ። ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃም ዛፍ ድሬ ዳር ሳታየው አትቀርም። በረሃ ያስቆማል ተብሎ የመጣ ነው። ፍየል ፍሬውን ትበላና በየሄደችበት ትዘራዋለች። አፋርን፣ የሶማሌ ክልሉን ሲቲ ዞን፣ እኛንም ወሮናል። እሱ በገባበት የአገሩ ሣርና ግራር ቦታ ያጣል። ከዚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከሸፈ። ከብት አለቀ፣ ግመልም አለቀች። ግመል የሌላት ሴት የሚፈታ ቤት ምን ያደርግላታል? ሸራው የመጣው ያኔ ነው፣ በእርዳታ መኪና።

ስለዚህ ባልደረባህን ተሳስተሃል በለው። ግን ቀስ ብለህ። እኔ ራሴ ስለ ሰሌኑ ስዘምር እናትየዋ ጣሪያቸው ላይ ያለውን ሰማያዊ ሸራ እያሳዩ «ይሄ ባለፈው ዝናብ አድኖኛል፣ ማኘክም የለበትም» አሉኝ። ምን ልበል? ጥርሳቸውን አይቻለሁ። ከቀትር በኋላ ግን ሸራው ሥር መቀመጥ አልቻልንም፤ ምድጃ ነው። ወጥተን ሰሌኑ በቀረበት በኩል ጥላ ውስጥ ሻይ ጠጣን። ሸራው ሲቀደድ ደግሞ እሾህ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፤ ፍየሎች ያኝኩታል። የአሮጌ ከበድ ቁራጭ ግን አፈር ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ምስጥ በልቶት።

ስመለስ አንድ ከበድ እንዲሠሩልኝ ጠየቅኳቸው፤ ትንሽ፣ ለሱቄ በር። ገንዘብም አስቀድሜ ልከፍል ነበር። «ማን ሊያገባ ነው?» አሉኝ። ማንም፣ ለጥላ ነው አልኳቸው። እንደ ሞኝ አዩኝ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «የልጅ ልጄ አታውቅም፣ ባንተ አስተምራታለሁ» አሉ። መቼ ልምጣ ስላቸው፣ ከረን ይግባ አሉኝ፤ የሐምሌና የነሐሴውን ዝናብ ነው እንዲህ የሚሉት። ልጡ በደንብ የሚላጠው እርጥብ ሲሆን ነው።

እስከዚያ በሩ ላይ አቡጀዲ ሰቅያለሁ።